ሥጋ የማይመስለው ባቄላ

ሥጋን የሚያውቀው የሚበላው ሰው አይደለም፤ የሚጾመው ነው። የሚበላው ምን ያውቃል? ይጎርሳል፣ ይውጣል፣ ይረሳል። የሚጾመው ግን በሁዳዴ አጋማሽ ሦስት ቤት አልፎ የሚጠበስ ነገር ሲሸተው፣ ሽንጥ ይሁን ጎድን፣ የበግ ይሁን የበሬ፣ ቅቤው የገባው ከሽንኩርቱ በፊት ይሁን በኋላ አስረግጦ ይነግራችኋል። ከዚያ ያማትባል። አትቆጡኝ... እናንተም ስታማትቡ አይቻችኋለሁ።

ይህን ያወቅሁት በሳይንስ ነው። አዎ፣ ሳይንስ ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ ግጥም በራሱ የተማረ፣ ቀን ቀን ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ የስልክ ካርድ የሚሸጥ ሰው መሆኔን የምታውቁ አንባቢዎቼ ሳቃችሁን ለጊዜው ያዙልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አከራዬ እትዬ አልማዝ ሳሚያ የምትባል ልጅ አለቻቸው። እናት ጎንደሬ፣ አባት ቡሪ ከሚባለው የካርቱም ሰፈር የሆኑ ሱዳናዊ። ሳሚያ ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች ናት፤ ሃይማኖቷን ካባቷ፣ ቁጣዋን ከእናቷ ወስዳለች። አማርኛዋ ከወጥ ቤት አልፎ ስላልወጣ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ትላለች። እኔን «አንቺ» ስትለኝ መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን «አንተ» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለኛል።

ሳሚያ ጃመዓ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ፣ የዶክትሬት ተማሪ ናት። የምታጠናው ደግሞ... እዚህ ላይ ተጠንቅቄ ልጻፍ። አንድ ጊዜ «ሳሚያ ከባቄላ ሥጋ ትሠራለች» ብዬ ለሰፈሩ ባወራ፣ በማግስቱ እናቷን ጠበል እንዲያስጠምቋት የመከሩ ሰዎች ነበሩ። እሷም አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ሥጋ እንደማትሠራ፣ የምታጠናው ከእህልና ከጥራጥሬ በፋብሪካ መንገድ በሚዘጋጅ ምግብ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ምን እንደሚሆን መሆኑን ግማሹን በዐረብኛ ግማሹን በእጇ አስረዳችኝ።

ፕሮቲን ማለት፣ እንደ እሷ አባባል፣ እንደ ተድበለበለ ክር ነው። ባቄላ ውስጥ ተድበልብሎ ማንንም ሳያስቸግር ይቀመጣል። ሙቀት ሲያገኘው ይፈታል። ማሽን ውስጥ ግፊት ሲበዛበት በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። በጠባቡ መውጫ በኩል ሲወጣ ካቀዘቀዙት ደግሞ እንደተሰለፈ ይቀርና፣ ሲጎትቱት እንደ ሥጋ ክር ክር እያለ ይላቀቃል። ሙቀት፣ ግፊት፣ ሰልፍ... እኔ እንኳን ስለ ባቄላ ሳይሆን ስለ ሰፈራችን ዳቦ ቤት የምታወራኝ ነበር የመሰለኝ።

ችግሩ ካርቱም ነው። ሌላ ከተማ ባቄላን ሥጋ ነኝ አስብሎ ማሳለፍ ይቻል ይሆናል። ካርቱም ላይ ግን ሰው በፉል ጡት ጥሎ በፉል የሚሸብት ስለሆነ ባቄላን መደበቅ ዓባይ ላይ ውሃ መደበቅ ነው። መጀመሪያ የሠራችውን ለጃመዓ ጓደኞቿ ስታቀምስ ሥጋ የሚል ቃል ከአንዱም አፍ አልወጣም። ፉሉ ጥሩ እንደሆነ መስክረው የሰሊጥ ዘይቱ የት እንዳለ ጠየቋት። እሷም ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ሙቀቱን ቀየረች፣ ውሃውን ቀየረች። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ሊጡ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይደርቅና እንደ ግንበኛ በመሮ ስትፈለፍል ትውላለች። በመጨረሻ ሦስተኛው ዓይነት ተስፋ የሚሰጥ ሆኖ በወጣ ሰሞን ረመዳን ገባ። ቀማሾቿ በሙሉ ጾመኛ ሆኑ። ራሷም ጾመኛ ሆነች። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዳይቀምሱላት ላቦራቶሪው ይዘጋል። እሷ ብቻዋን እንዳትቀምሰው ደግሞ ምላሷ ከማሽኑ ጋር ስለኖረ የሚሰማው የጥናቷ ጣዕም ብቻ ነው።

በዚህ መሃል አስተማሪዋ ዶክተር ኢሕሳን ጠሯት። ዶክተር ኢሕሳን ነጭ ቶባቸውን፣ ያን የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ጨርቅ፣ አጣፍተው ሲሄዱ ኮሪደሩ ራሱ ቀና ብሎ የሚቆምላቸው ሴት ናቸው። ከኢድ በዓል በኋላ ማሽኑን የከብት መኖ የሚያጠናው ክፍል እንደሚረከበው ነገሯት። ከዚያ በፊት ሰው ቀምሶ ሦስቱን ዓይነቶች ከለየ፣ ሦስተኛውም ወደ ሥጋ መቅረቡን ከመሰከረ ማሽኑ እሷ ጋ ይቆያል። ካልሆነ ኻላስ፣ አበቃ፤ ሌላ ርእስ፣ ከዜሮ።

ሳሚያ እቤት መጥታ ግቢው ውስጥ ተቀመጠች። እናቷ ደግሞ ልጃቸው ዶክተር መሆኗን ለመላው ዴም ቀደም ብለው አውጀው ስለነበር፣ ከሷ ይልቅ እሳቸው ደነገጡ። ለመላው ዴም አንዴ የተባለ ነገር አይመለስም።

«ምን ያስጨንቅሻል? የኛ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀምሳል» አሉ እትዬ አልማዝ።

እውነት ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው ነበር። እስላሙ እስከ ማታ አይቀምስም፤ ክርስቲያኑ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የጾም ምግብ ይበላል። ሥጋ ከቀመሰ ደግሞ ሳምንታት ስላለፉት ላንቃው እንደ አዲስ ምላጭ ነው። የሳሚያ ዐይን በራ። ከባቄላ፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከዘይት የተሠራ፣ አንዲት የእንስሳ ነገር ያልነካው ምግብ... ለጾመኛ ሐበሻ! ከዚህ የተሻለ ቀማሽ የት ይገኛል?

እኔ የምገባው እዚህ ላይ ነው። ቀማሽ ከመቅመሱ በፊት አፉ ውስጥ ለሚሆነው ነገር ስም ሊኖረው ይገባል። በሷ ሙያ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁሉም ሰው «ይጣፍጣል» ብቻ ካለ ጥናት የለም። ሳሚያ የአማርኛ ቃል የላትም። ስለዚህ ገጣሚ ፈለገች። በግጥም አንድ ጉርሻ ያህል እንኳ ያላገኘሁት ሰው በቅጽል ተቀጠርኩ።

ሥራውን በቁም ነገር ያዝኩት። አንዱን ዓይነት አኝኬ፣ «ጥርስ ሲያርፍበት መጀመሪያ እንደ ሙሽራ አገጩን የሚያዞር፣ ቆይቶ ግን ሽማግሌ ሳያስቸግር እሺ የሚል» ብዬ አጻፍኳት።

«በአንድ ቃል» አለች።

«ግድርድር።»

ጻፈችው። ዛሬ እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ የምግብ ጥንካሬ ከ«ፍርክስክስ» እስከ «ግድርድር» ይለካል። የሠራሁት ሥራ ነው፤ አልኩራራም።

ቀማሾቹን እትዬ አልማዝ ከማኅበራቸው መለመሉ። ከመካከላቸው ሁለቱን ብቻ ላስተዋውቃችሁ። አንደኛዋ ከከተማው ዳር፣ ከካላክላ፣ በሃፍላ አውቶቡስ ተጋፍተው የሚመጡት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ዝምታን እንደ በሽታ የሚፈሩ ሴት። ሁለተኛው የመኪና ወንበር የሚያለብሱት ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ጋሽ መኩሪያ ከመጾማቸው በፊት በነበረው የቅበላ ሰሞን ያደረጉትን እኔ አላወራም፤ የበግ ነጋዴዎቹ እስካሁን ያወራሉ።

የሳይንስ ሕግ ከባድ ነው። ቀማሽ ከቀማሽ ጋር አይተያይም፤ ስለዚህ ሳሚያ በረንዳው ላይ በየሰዉ መሃል የሻይ ካርቶን አቆመች። ቀማሽ አይነጋገርም። ሲቀምስ አኝኮ ይተፋል፣ አፉን በውሃ ይጉመጠመጣል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቀማሽ በጣም የራበውም በጣም የጠገበም መሆን የለበትም።

አሁን እናንተ ከጧት ጀምሮ ውሃ ያልነካ፣ በካርቱም ፀሐይ ቆሞ ያስቀደሰ፣ በዘጠኝ ሰዓት የተቀመጠ ሰው አስቡ። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር ወደደው። ካርቶኑንም ቢያቀርቡላቸው ግድርድር ነው ይሉ ነበር። በሚቀጥለው ቀን ሳሚያ ከቅምሻው በፊት ቂጣ አቀረበች። ቂጣው ሲያልቅ መትፋቱ ቀጠለ... ማለቴ፣ አለመትፋቱ። እትዬ ብርቄ በጾም አፋቸው የገባ እህል እንደማይተፋ፣ መትፋት ካለበትም መጀመሪያ የሰጠችው ትትፋው ብለው አስረዱ። የሙያዬ መጽሐፍ እንዲህ ይላል ብትላቸው፣ መጽሐፉን የጻፈው ሰው እናት እንደሌለው ተናገሩ።

ከዚያ ጉርሻው መጣ። ሳሚያ ፊቷን ስታዞር ከካርቶኑ ጎን አንድ እጅ ብቅ አለ። የእትዬ ብርቄ እጅ ነው። ባቄላዋን ይዞ ወዲያና ወዲህ ፈልጎ የጋሽ መኩሪያን አፍ አገኘ። ጋሽ መኩሪያ አፋቸው ውስጥ ሌላኛው ዓይነት ነበረባቸው። «ብቻዬን በልቼ አላውቅማ» አሉ እትዬ ብርቄ ሲጠየቁ። ጋሽ መኩሪያም ጉርሻ ሳይመልሱ መቅረት ነውር ስለሆነ በካርቶኑ አናት በኩል መለሱ። ሳሚያ ካርቶኑን ከፍ ስታደርግ ከሥር ሆነ። ከሥር ስትዘጋው እትዬ አልማዝ ራሳቸው ሰሃኑን ይዘው እየዞሩ ማጉረስ ጀመሩ። የዚያን ቀን ውጤት እስካሁን በማንኛውም የሳይንስ ቅርንጫፍ ሊተረጎም አልቻለም።

እንደምንም ጉርሻው ቆመ። ሳሚያ አለቀሰች፤ ቆመ። ለካ የሐበሻን እጅ የሚይዘው እንባ ብቻ ነው።

ቀማሾቹ ምግብ በቁጥር መጥራት እንደ እስር ቤት ስለሆነባቸው ለሦስቱም ዓይነቶች ስም አወጡላቸው። የመጀመሪያዋ «ደረቋ»፣ ሁለተኛዋ «ላስቲኳ» ተባሉ። ሦስተኛዋ ከመቀመሷ በፊት ስም አልነበራትም። ከተቀመሰች በኋላም አልወጣላትም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያቺ» ብቻ ነው የሚሏት።

«ያቺ» የቀረበች ዕለት በረንዳው ላይ የሆነውን አልረሳውም። እትዬ ብርቄ ጸጥ አሉ። ሃፍላ ውስጥ ከማያውቁት ሹፌር ጋር የሚከራከሩት እትዬ ብርቄ! ጋሽ መኩሪያ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው፣ የጥንት ወዳጃቸው ስም የተጠራባቸው ይመስል ቀስ እያሉ አኘኩ። እኔ ካርቶኑ ጥግ ቆሜ አያለሁ። ገጣሚ ነኝ፤ የምከፈለው እንዳይ ነው... ባልከፈልም።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ሳሚያ ድምፅ እንዳይሰማ ብላ መልሱን በጣት አድርጋዋለች። ሥጋ በጣም ከመሰለ እጅ ሙሉ ጣት ይዘረጋል፤ ምንም ካልመሰለ ጭብጥ። ደረቋን ሲጠየቁ ሁሉም ጨበጡ። ልክ ነው፤ ደረቋ የግድግዳ ጭቃ ነበረች። ላስቲኳን ሲጠየቁ ጨበጡ። እሷም ይገባታል። ያቺን ሲጠየቁ... ጨበጡ። በረንዳው ሙሉ ጭብጥ፣ ስብሰባው ለሠላማዊ ሰልፍ የተጠራ ይመስል።

ሳሚያ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔን ይዛ በየካርቶኑ እየዞረች ደግማ አስጠየቀች።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ያቺ ሥጋ አትመስልም?»

«አትመስልም።»

«ትንሽስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ? ከቅበላ ወዲህ ሥጋ የት አየሁ?»

ይህን እያሉ ከኪሳቸው ክብሪት አውጥተው፣ እንጨቱን በጥፍራቸው ሹል አድርገው ጥርሳቸውን መጎርጎር ጀመሩ። ልብ አላሉትም፤ እጃቸው በገዛ ፈቃዱ ነው ያደረገው። እስቲ ልጠይቃችሁ... ሽሮ በልቶ ጥርሱን የጎረጎረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዶክተር ኢሕሳን ውጤቱን ሲሰሙ፣ ሳሚያ ማሽኑን ተጠቅማ ሦስት ዓይነት ምንም ነገር መሥራቷን በእርጋታ ነገሯት። በዓሉ እየደረሰ ነው። የመኖው ክፍል ሰዎች መጥተው የማሽኑን ቁመት ለክተው ሄደዋል። ሳሚያ አንድ ሌላ ቅምሻ ለመነች፤ ተፈቀደላት።

በሚቀጥለው ቅምሻ ላይ ግን ቀማሽ አልመጣም። መጀመሪያ የቀረችው አንዲት ራሴን አመመኝ ያለች ሴት ናት። ከዚያ ጋሽ መኩሪያ ሥራ በዛብኝ ብለው ላኩ። እትዬ ብርቄ ከካላክላ ሃፍላ ጠፋ አሉ፤ ያን ቀን ደግሞ ከሹፌር በቀር ማንም የሌለባቸው ሃፍላዎች በተርታ ቆመው ነበር። ካርቶኖቹ በረንዳው ላይ ባዷቸውን ቆሙ። እትዬ አልማዝ ማኅበርተኞቻቸው ተማክረው ልጃቸውን የጣሏት መሰላቸውና ክፉኛ አዘኑ።

ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል። እኔ ግን ጦም አድሬም ነገሩ ስላልቀረልኝ ካላክላ ሄድኩ። እትዬ ብርቄ በራቸው ላይ ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸው። ስለ ሃፍላው ሳልጠይቃቸው ስለ ሃፍላው ነገሩኝ። ሳልመልስ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እትዬ ብርቄን የሚያሸንፋቸው ዝምታ ነው አላልኳችሁም?

«ስማ» አሉኝ በመጨረሻ። «ሥጋ ትመስላለች ካልኩኝ፣ አፌ ውስጥ ሳለች ሥጋ ሥጋ እያሰብኩ ነበር ማለት ነው። በሁዳዴ! በሐሳብ የተበላ አልተበላም ያለህ ማነው?»

«እና አልመሰለችዎትም?»

«እሱን እንዳትጠይቁኝ ነው እኮ የቀረሁት።»

ምስራቸውን ወደ መልቀም ተመለሱ። ቀጥለውም፣ እንደ ዋዛ፣ ያቺ ከተቀመሰች ወዲህ ከማኅበርተኛው ግማሹ ንስሐ አባቱ ዘንድ መሄዱን ነገሩኝ። ጋሽ መኩሪያ ሁለቴ ሄደዋል። ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው ይባላል፤ ይህች ክራር ግን ጅማቷ ከባቄላ ሆኖ ጅብ የሆኑት አድማጮቿ ናቸው።

ተመልሼ ለሳሚያ ነገርኳት። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ጫማዋን በግራና በቀኝ አቀያይራ አጥልቃ ወደ ጃመዓ ሮጠች። ዶክተር ኢሕሳን እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ከዚያም ሙከራው የከሸፈበት ተማሪ ሁሉ ቢፈቀድለት ቀማሾቹ ከደስታ ብዛት ሸሹ እንደሚል ነገሯት። እናቷን የማይፈራ፣ እሷን የማይወድ፣ ቀምሶ በአፉ የሚናገር አንድ ሰው ካመጣች ማሽኑ ይቆያል። ወሬ ግን ማስረጃ አይደለም።

የዚያኑ ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን መልእክት መጣ። ቀሲስ ላቀው፣ የማኅበርተኞቹ ንስሐ አባት፣ «ያቺን የምታበላዋ ልጅ ትምጣ» ብለዋል። እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ሳሚያም በጾም ሥጋ አበላች ተብላ ጃመዓው ድረስ የምትከሰስ መሰላት። ለዶክተር ኢሕሳን ስትነግራቸው እሳቸው ቶባቸውን አስተካከሉና ራክሻ፣ ማለትም ባጃጅ፣ አስጠሩ። ተማሪዬ ናት፣ የምትጠየቅ ከሆነ አብሬ እጠየቃለሁ አሉ። ሳሚያ በኋላ ስትነግረኝ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ደግ ቃል የሰማችባቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቅዳሴው ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ቀሲስ ላቀው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማኅበርተኞቹ ዙሪያውን ቆመዋል፤ ጋሽ መኩሪያ ከሰው ጀርባ፣ መሬት መሬት እያዩ። ዶክተር ኢሕሳን አማርኛ አንድም ቃል አይሰሙም፤ ግን ማን ተከሳሽ ማን ዳኛ እንደሆነ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም።

ቀሲስ ምን እንደገባበት ጠየቁ። ሳሚያ ባቄላ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ዘይት ብላ ቆጠረች። ከእንስሳ የተገኘ ነገር ካለ ጠየቁ። «ማፊ» አለች፤ የለም። ቀሲስ አሰቡ። እንግዲህ ያቺ በምን ምክንያት ይህን ሁሉ ሕዝብ በኔ ደጅ አሰለፈችው ብለው ሰው ሁሉ ላይ ዐይናቸውን አዞሩ። ሳሚያ ሰሃኑን ከፍታ አቀረበችላቸው።

«አባ፣ አንቺ ቅመሽ» አለች።

እትዬ አልማዝ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ቀሲስ ላቀው ግን እንዲህ ያለ አማርኛ ለመስማት በካርቱም ብዙ ኖረዋል። ባርከው ቆረሱ።

አኘኩ። እኔ ዐይኔን ከመንጋጋቸው አላነሳሁም። መንጋጋቸው መጀመሪያ እንደ ዳኛ ነበር የሚሠራው፣ በሚዛን። ከዚያ ቀስ አለ። ከዚያ ቆመ። ቀሲስ ቀና ብለው የኒሙን ዛፍ አዩት፤ ኒሙ ላይ ምንም አልነበረም። ለማረጋገጥ ያህል ነው ብለው ሌላ ቆረሱ። ሁለተኛዋን ዋጥ አድርገው ውሃ አስመጡ፣ ተጉመጠመጡ፣ ጢማቸውን ጠረጉ።

«ባቄላ ነው» አሉ።

ሕዝቡ በአንድነት ተነፈሰ። ሳሚያ አንገቷን ደፋች፤ ለሷ ይህ ቃል ፍርድ ነው፣ ካርቱም ሁሉ ሲላት የኖረውን ነው ቄሱም ያሏት። እትዬ ብርቄ ኃጢአታቸው የወረደላቸው ሰው ሆነው ወደ ሰሃኑ እጃቸውን ዘረጉ። ቀሲስ ሰሃኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«እስከ ፋሲካ ግን ማንም እንዳይቀምሳት።»

«ባቄላ ነው አላሉም እንዴ አባ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ነው።»

«ታዲያ ባቄላ ከመቼ ወዲህ ተከለከለ?»

ቀሲስ ላቀው ሰሃኑን አዩ። የሚዋሹበት ቦታ አይደለም፤ ጊዜውም አይደለም። ቢዋሹ ደግሞ እሳቸው ማን ዘንድ ይናዘዛሉ?

«ባቄላ መሆኗን» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔም የማውቀው ልጅቱ ስለነገረችኝ ነው።»

ጋሽ መኩሪያ ከጀርባ ሆነው በረጅሙ ተነፈሱ። ሳሚያ ቀና አለች። ወደ አስተማሪዋ ዞራ የተባለውን በዐረብኛ ደረደረችው፤ ቃል እያዘለለች። ዶክተር ኢሕሳን ሰሟት። ግን ሳይንቲስት ናቸው፤ ተማሪ ስለ ገዛ ጥናቷ የምትተረጉመውን ትርጉም አያምኑም። ሳሚያን በእጃቸው ገለል አድርገው ቀሲስ ላቀው ፊት ቆሙ። ሰሃኑን አመለከቱ። እውነት ሥጋ ትመስላለች ወይ ብለው በዐረብኛ ጠየቁ። ቀሲስ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዶክተሯ አልረኩም።

«ወላሂ?» አሏቸው።

እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ ትንሽ ገለጥ አድርገው በአንድ ዐይን አዩ። ቀሲስ ላቀው መስቀላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ካርቱም ናቸው፤ ከዳቦ ሻጩ ጋር፣ ከኪራይ ሰብሳቢው ጋር፣ ከራክሻ ነጂው ጋር ሲነጋገሩ ኖረዋል። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ዶክተሯን ቀጥ ብለው እያዩ፣

«ወላሂ» አሉ።

ማሽኑ ቆየ።